ቅጠሉ በብርሃን፣ ሥሩ በጨለማ፦ ሆርሞንና ብርሃን የሥርን እድገት እንዴት እንደሚመሩ፣ በጎንደርም ከቁርጥ ቅርንጫፍ ሥር እንዴት እንደሚበቅል

በጎንደር ከተማ በብዙ ግቢዎች የጥብስ ቅጠል፣ ጽጌረዳ፣ ጤና አዳም፣ ወይንና በለስ የሚባዙት በዘር ሳይሆን ከጎረቤት ወይም ከዘመድ ግቢ ተቆርጦ በመጣ ቅርንጫፍ ነው። አንዱ የተከለው ቁርጥ በወር ተኩል ውስጥ ሥር ሰድዶ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ፣ ከዚያው ተክል ተቆርጦ ሌላ ቤት የተተከለው ግን ከታች ጠቁሮ ይበሰብሳል፤ ሰውም ልዩነቱን በተካዩ እጅ ያመካኛል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ልዩነቱ የሚመጣው ከሁለት ነገሮች ነው፤ አንደኛው በተክሉ ውስጥ የሚዘዋወሩት ሆርሞኖች፣ ሁለተኛው በቅጠሉና በሥሩ ላይ የሚያርፈው ብርሃን። ይህ መመሪያ ሁለቱን በቤት ውስጥ ወይም በአነስተኛ ችግኝ ጣቢያ እንዴት መቆጣጠር እንደሚቻል ያስረዳል። ሆርሞን ያለበት የሥር ማውጫ ዱቄት ገዝተው ውጤት ያጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የጎደላቸው ሆርሞን ሳይሆን የብርሃኑ አያያዝ ስለሆነ፣ ከዱቄቱ አስቀድሞ ብርሃኑን ማስተካከል እንደሚገባ አጥብቄ እመክራለሁ።

ሥር ከላይ በሚመጣ ትእዛዝ ይበቅላል

ኦክሲን የሚባለው ሆርሞን በብዛት የሚሠራው በቅርንጫፉ ጫፍና በለጋ ቅጠሎች ውስጥ ነው። ከዚያ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ እየተላለፈ ወደ ታች ይወርዳል። ጉዞውን የሚመሩት በየሕዋሱ ሽፋን ላይ በአንድ ወገን አድልተው የተሰለፉ ፒን የተባሉ ፕሮቲኖች ስለሆኑ በግንድ ውስጥ አቅጣጫው ከላይ ወደ ታች ነው። ቅርንጫፉ ሲቆረጥ ይወርድ የነበረው ኦክሲን መሄጃ ያጣና በተቆረጠው ጫፍ አካባቢ ይከማቻል፤ ይህ ክምችት በግንዱ የውሃና የምግብ ቱቦዎች አጠገብ ያሉ ሕዋሳት ተከፋፍለው አዲስ ሥር እንዲሆኑ ያነሣሣቸዋል። ስለዚህ ቅጠሉ በሙሉ የተገፈፈ ለስላሳ ቁርጥ ሥር ለማውጣት የሚቸገረው ምግብ ስላጣ ብቻ ሳይሆን የትእዛዙ ምንጭ ስለተቆረጠበትም ነው።

ሆርሞንና ብርሃን የሚጠኑት አንድ ላይ መሆናቸው በአጋጣሚ አይደለም። ቻርለስ ዳርዊንና ልጁ ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ1880 ባወጡት ጥናት የሣር ቡቃያ ወደ ብርሃን የሚታጠፈው ከጫፉ በታች ቢሆንም ብርሃኑን የሚያውቀው ግን ጫፉ መሆኑን አሳዩ፤ ይህም ከጫፍ ወደ ታች የሚወርድ አንድ መልእክት እንዳለ አመለከተ። ሆላንዳዊው ፍሪትስ ቬንት በ1920ዎቹ በአጃ ቡቃያ ላይ ባደረገው ሙከራ ይህ መልእክት አጋር በተባለ ጄሊ መሰል ነገር ቁራጭ ውስጥ ሊሰበሰብ የሚችል ንጥረ ነገር መሆኑን አረጋገጠ። ያ ንጥረ ነገር ዛሬ ኦክሲን የምንለው ሲሆን፣ በተፈጥሮ በብዛት የሚገኘው ዓይነቱ ኢንዶል አሴቲክ አሲድ ይባላል።

ኦክሲን በመጠኑ ካልተያዘ መልሶ ሥርን ይጎዳል። ግንድን የሚያስረዝም መጠን የሥርን ርዝመት ይገታል፤ ሥር ከግንድ ይልቅ እጅግ ስሱ ስለሆነ፣ ግንድ የሚፈልገውን በብዙ ሺህ እጅ የቀነሰ መጠን እንኳ ይበቃዋል። አዲስ ሥር እንዲፈጠር ከፍ ያለ ኦክሲን ያስፈልጋል፤ የተፈጠረው ሥር እንዲረዝም ግን መጠኑ መውረድ አለበት። ስለዚህ ዱቄቱ የሚነካው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ የማይደገመውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከኦክሲን ጋር የሚመዛዘነው ሆርሞን ሳይቶካይኒን ሲሆን፣ በብዛት የሚሠራው በሥር ጫፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ተመራማሪዎቹ ስኩግና ሚለር በትምባሆ ሕዋሳት ላይ እንዳሳዩት፣ ኦክሲን ሲያይል ሥር፣ ሳይቶካይኒን ሲያይል ቅርንጫፍ ይበቅላል። ጅብሬሊን የተባለው ሆርሞንም ግንድ እያስረዘመ ከግንድ የሚወጣን ሥር ያግዳል፤ በፍጥነት የሚመዘዝ፣ በውሃና በዩሪያ የተቀለበ ለጋ ቅርንጫፍ ለቁርጥ የማይመረጠው በከፊል ስለዚህ ነው። ኤትሊን የተባለው ሆርሞን ጋዝ ስለሆነ ከሥር ተንኖ ወደ አየር ማምለጥ ይፈልጋል፤ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ሲጠፋ ግን በሥሩ ዙሪያ ይከማችና የሥሩን ጫፍ ያቆመዋል። አብሲሲክ አሲድ የተባለው ሆርሞን ደግሞ መሬቱ ደረቅ ሲል ቅጠሉ ትንፋሹን እንዲዘጋ ያደርጋል፤ በመጠኑም ሥሩ እድገቱን ሳያቋርጥ ውሃ ፍለጋ እንዲወርድ ያግዛል።

ሌላው ስትሪጎላክቶን የሚባለው ነው። በሰሜን ጎንደር ቆላማ ወረዳዎች የማሽላ ገበሬን የሚያስለቅሰው አቀንጭራ ከመሬት የሚነቃው የማሽላው ሥር ይህን ሆርሞን ወደ አፈሩ ሲለቅ ነው። ተክሉ የሚለቀው ሥሩ ላይ የሚኖሩትን ጠቃሚ ፈንገሶች ለመጥራት ሲሆን፣ አፈሩ ፎስፈረስ ሲያጣ ይበልጥ ይለቃል። በቁርጥ ላይ ስትሪጎላክቶን አዲስ ሥር እንዳይወጣ የሚያግድ ሆኖ ተገኝቷል።

ብርሃን በሁለት በኩል ይሠራል

ብርሃን በቅጠል ላይ ሲያርፍ ስኳር ይሠራል፣ ኦክሲንም እንዲመረት ያግዛል፤ ሁለቱም ወደ ታች ወርደው ሥርን ይመግባሉ። በሥር ላይ ሲያርፍ ግን ነገሩ ይለወጣል። የሥር ጫፍ ሰማያዊ ብርሃንን የሚያውቅ ፎቶትሮፒን የተባለ ፕሮቲን ስላለው ከብርሃኑ ይሸሻል፤ ለሽሽቱም ኃይሉን ያባክናል። ከዚህ በላይ ደግሞ ኢንዶል አሴቲክ አሲድ በብርሃን ስለሚበላሽ፣ ከተቆረጠው ጫፍ ላይ ብርሃን ካረፈበት ሥር እንዲወጣ ያዝ የነበረው ክምችት ይሳሳል።

ብርሃን በቅጠል በኩል የሚሠራበት ሌላ መንገድም አለ። ቅጠል ቀይና ሩቅ ቀይ (ከቀይ ቀጥሎ ያለ፣ ዓይናችን በደንብ የማያየው) የሚባሉትን ብርሃኖች ፊቶክሮም በተባለ ፕሮቲን ለይቶ ያውቃል። ሌላ ቅጠል የጣለው ጥላ ቀዩን ወስዶ ሩቅ ቀዩን ስለሚያሳልፍ፣ ተጨናንቆ የተተከለ ችግኝ በጥላ ውስጥ መሆኑን ይረዳና ሀብቱን ግንዱን ለማስረዘም ያውለዋል፤ ሥሩም ይጎዳል። ተመራማሪዎች አራቢዶፕሲስ በተባለች ትንሽ ተክል ላይ ባደረጉት ጥናት ቅጠሉ ያየው ብርሃን ኤች ዋይ 5 በተባለ ፕሮቲን አማካይነት እስከ ሥሩ እንደሚደርስና የጎን ሥሮችን እንደሚያዝ አሳይተዋል።

በፋሲል ጥምቀተ ባሕር ዙሪያ ያሉት የዛፍ ሥሮች ግንቡን አቅፈው በቀን ብርሃን መታየታቸው ይህን የሚያፈርስ ሊመስል ይችላል። የሚታየው ክፍል ግን አርጅቶ ልጥ የለበሰ፣ ርዝመቱን የጨረሰ አካል ነው፤ የሚያድገው ጫፍ በድንጋዩ ስንጥቅና በአፈሩ ጨለማ ውስጥ ነው ያለው።

በዓይን ለማየት የሚረዳ ቀላል ሙከራ

ወደ ተከላው ከመግባት በፊት ይህን ሙከራ መሥራት፣ በተለይ ለተማሪዎችና ችግኝ ለሚያለማ ማኅበር፣ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል። ከቅዳሜ ገበያ ጥቂት ሰናፍጭ ይግዙ። ዘሩን በእርጥብ ሶፍት ላይ በትነው በጨለማ ያቆዩት፤ ሥሩ የጥፍር ርዝመት ያህል ሲወጣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ አዘጋጅተው አፋቸውን በቀጭን ሻሽ ወጥረው ይሰሩ። ውሃው ሻሹን እንዲነካ አድርገው ቡቃያዎቹን ሥራቸው በሻሹ ቀዳዳ ወደ ውሃው እንዲወርድ ያስቀምጧቸው።

አንዱን ብርጭቆ በአንድ ጎኑ ብቻ ጠባብ ስንጥቅ ባለው ካርቶን ውስጥ ያድርጉትና ስንጥቁን ወደ መስኮቱ ያዙሩት። ሁለተኛውን ብርጭቆ በጥቁር ጨርቅ እስከ አፉ ጠቅልለው ቡቃያው ብቻ ብርሃን እንዲያገኝ በመስኮቱ አጠገብ ያኑሩት። ከጥቂት ቀናት በኋላ በመጀመሪያው ብርጭቆ ግንዶቹ ወደ ስንጥቁ፣ ሥሮቹ ደግሞ ከስንጥቁ ተቃራኒ አጋድለው ይታያሉ፤ በሁለተኛው ግን ሥሮቹ ቀጥ ብለው ይወርዳሉ። የሁሉም ተክል ሥር እንደ ሰናፍጭ ወገኖች ጎልቶ ስለማይታጠፍ፣ በባቄላ ወይም በሽምብራ ሞክረው ልዩነቱ ካነሰብዎ አይገረሙ።

የፈሳሽ ሆርሞን የያዙ ሰዎች የመጠኑን ነገር በፌጦ መፈተን ይችላሉ። የፌጦ ዘር ሲረጥብ ሙጫ ስለሚያወጣ ከእርጥብ ወረቀት ጋር ይጣበቃል፣ ሥሩም ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ለመለካት ያመቻል። አንዱን ሳህን በንጹሕ ውሃ፣ ሌላውን በሊትር 1 ሚሊግራም፣ ሦስተኛውን በሊትር 10 ሚሊግራም ሆርሞን ባለው ውሃ ያርጥቡ። ሆርሞኑ የተሟሟው በአልኮል ከሆነ ያንኑ ያህል አልኮል በንጹሑ ውሃ ላይም ይጨምሩ፤ አለበለዚያ የሚያዩት የአልኮሉን ጉዳት ይሁን የሆርሞኑን መለየት አይችሉም። ከሦስት ቀን በኋላ በማስመሪያ ሲለኩት ሆርሞን የበዛበት ሥር አጭር ሆኖ ያገኙታል።

የመጀመሪያው ሥራ፦ እናት ተክሉን ማዘጋጀት

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምመክረው ይህንኑ ነው። ለቁርጥ ያሰቡትን ቅርንጫፍ ከመቁረጥዎ 3 ወይም 4 ሳምንት ቀደም ብለው የሚቆረጥበትን ቦታ በጥቁር ናስትሮ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ስፋት ያህል ይጠቅልሉት። ብርሃን ያጣው የግንድ ክፍል ይነጣል፣ ቆዳው ሳስቶ የጠነከረ ሽፋን መሥራቱን ያዘገያል፣ ለኦክሲንም ይበልጥ ስሱ ይሆናል። ከዚያ ልክ በተጠቀለለው ክፍል ላይ ቆርጠው ሲተክሉት ሥር ለማውጣት የሚያስቸግሩ እንጨታማ ተክሎች እንኳ የተሻለ ውጤት ይሰጣሉ። ለጥብስ ቅጠልና ለጤና አዳም ይህ ድካም አያስፈልግም፤ እነሱ ያለዚያም ሥር አውጪዎች ናቸው። ለጽጌረዳና ለወይን ግን ይጠቅማል።

እናት ተክሉ ጤናማ፣ ወጣትና አበባ ያልያዘ ይሁን። የአበባ እንቡጥ ያለበት ቅርንጫፍ ስኳሩን ለአበባው ስለሚያውል እንቡጡን መቀንጠስ ግድ ነው። ዕድሜም ራሱን የቻለ እንቅፋት ነው፤ ያረጀ ባሕር ዛፍ ከላይኛው ቅርንጫፉ በቁርጥ እንዲባዛ መሞከር ድካም ብቻ ሲሆን፣ ከተቆረጠ ጉቶ ላይ የሚወጣው ለጋ ቡቃያ ግን የወጣትነት ጠባይ ስላለው የተሻለ ተስፋ አለው።

ወቅቱን በተመለከተ ጎንደር ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ በአጭሩ የታኅሣሥ ቀንና በረጅሙ የሰኔ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የቀን ርዝመት አያሳስብም፤ የሚያሳስበው የብርሃኑ ኃይል፣ እርጥበቱና የሌሊቱ ቅዝቃዜ ነው። በክረምት አየሩ እርጥብ ስለሆነ ቁርጡ አይጠወልግም፤ ነገር ግን ደመናው ስኳሩን ያሳንሳል፣ መበስበስም ይበዛል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ሥር ይዘገያል። በእኔ ግምት ለቤት ተካይ የሚሻለው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነው፤ በክረምቱ ያደገው ቅርንጫፍ በዚያን ጊዜ ከለጋነቱ ወጥቶ ግማሽ ጥንካሬ ይዟል፣ ፀሐዩም ተመልሷል።

አቆራረጥና የሚተከልበት ማቀፊያ

በማለዳ፣ ቅጠሉ ውሃ ሞልቶ ሳለ ይቁረጡ። ምላጩን በአልኮል ያጽዱ። የእርሳስ ውፍረት ያህል ያለውን የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ከ12 እስከ 15፣ የጥብስ ቅጠልን ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር አድርገው ከአንጓ ሥር ቀጥ አድርገው ይቁረጡ፤ አንጓ አካባቢ ሥር ለመሆን የተዘጋጁ ሕዋሳት ይበዛሉ። የታችኛውን ግማሽ ቅጠል ያራግፉ፤ ከላይ ለጽጌረዳ 2 ወይም 3 ቅጠል ያስቀሩ። ትልልቅ ቅጠል ከሆነ ግማሹን በመቀስ መቁረጥ የውሃ ብክነትን ይቀንሳል፤ ሁሉንም መገፈፍ ግን ከላይ እንዳልኩት የሆርሞኑን ምንጭ ማድረቅ ነው። እንጨታማ ቁርጥ ከሆነ በታችኛው ጫፍ በአንድ ጎን 2 ሴንቲሜትር ያህል ቆዳውን በስሱ ይላጡት፤ ቁስሉ በራሱ ኦክሲን እንዲከማች ያግዛል።

የትኛው ጫፍ ላይ፣ የትኛው ታች እንደነበረ እንዳይጠፋዎ የላይኛውን ሰያፍ አድርገው ይቁረጡ። ኦክሲን የሚወርደው ቅርንጫፉ በእናት ተክሉ ላይ ሳለ በነበረው አቅጣጫ ስለሆነ፣ ተገልብጦ የተተከለ ቁርጥ ሥሩን ሊያወጣ የሚሞክረው ወደ ላይ በሆነው ጫፉ ነው። ወይንና በለስ ቅጠላቸው ረግፎ ሲቆረጡ ይህ ስሕተት በቀላሉ ይደርሳል።

ማቀፊያው ሁለት እጅ የታጠበ የወንዝ አሸዋና አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ይሁን። አሸዋውን በፈላ ውሃ አጥቦ ማጠንፈፍ በሽታን ይቀንሳል፤ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው ጎንደር ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ አፍስሶ ከመተው ደጋግሞ ማፍሰስ ይመረጣል። ከአዘዞ አካባቢ የሚመጣውን ጥቁር ዋልካ አፈር ለማቀፊያ እንዳይጠቀሙበት። ዋልካ ሲረጥብ ቀዳዳው ይዘጋል፤ ጋዝ በውሃ ውስጥ የሚጓዘው በአየር ውስጥ ከሚጓዘው 10,000 እጅ ያህል ዘግይቶ ስለሆነ፣ ኦክስጅን ሳይገባ ኤትሊንም ሳይወጣ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በተጨፈለቀ አፈር ውስጥ ሥር የሚቆመው መሬቱ ስለጠነከረበት ብቻ ሳይሆን የራሱ ኤትሊን ስለታፈነበት ጭምር ነው፤ ኤትሊን እንዳይሰማቸው የተደረጉ ተክሎች ያንኑ የተጨፈለቀ አፈር ሰንጥቀው አልፈዋል። ስለዚህ ቁርጡን ከተከሉ በኋላ ዙሪያውን በጣት ጫን ማድረግ እንጂ መርገጥ ወይም መደብደብ አይገባም።

ዕቃው ጥቁር የችግኝ ላስቲክ ቢሆን ይመረጣል። ብዙ ሰው ግማሹ የተቆረጠ ሃይላንድ ይጠቀማል፤ ርካሽና በየቤቱ የሚገኝ ስለሆነ አልቃወመውም፤ ነገር ግን ብርሃን ስለሚያሳልፍ ሥሩ ከግድግዳው ይሸሻል፣ አረንጓዴ አልጌም ይበቅልበታል። በጥቁር ፌስታል ወይም በጋዜጣ ጠቅልሎ ከታች ሦስት አራት ቀዳዳ መብሳት ጉዳዩን ይፈታዋል። ጤና አዳምን በብርጭቆ ውሃ ሥር ለማስወጣት የሚሞክሩም ብርጭቆውን እንዲሁ ይጠቅልሉ፤ ውሃውንም አየር እንዲያገኝ በሁለት በሦስት ቀን ይቀይሩ።

ሆርሞን አቀባብ

ለዚህ ሥራ ከኢንዶል አሴቲክ አሲድ ይልቅ ኢንዶል ቡታይሪክ አሲድ ይመረጣል፤ በብርሃንም ሆነ በተክሉ ኢንዛይሞች ቶሎ አይበላሽም። በዱቄት መልክ ሲሸጥ በጥቅሉ ላይ ያለውን መቶኛ ያንብቡ፤ 0.1 በመቶ ለለስላሳ፣ 0.3 በመቶ ለግማሽ ጠንካራ፣ 0.8 በመቶ ለጠንካራ እንጨት ነው። የሚያስፈልግዎትን ያህል ብቻ ወደ ሌላ ትንሽ ዕቃ ያውጡና እርጥቡን የቁርጥ ጫፍ በ1 ሴንቲሜትር ያህል ነክረው ትርፉን ያራግፉ፤ ቁርጥ የተነከረበትን ዱቄት ወደ ዋናው ዕቃ አይመልሱ።

በፈሳሽ የሚሠሩ ከሆነ ንጹሑ ንጥረ ነገር በውሃ ብቻ በደንብ ስለማይሟሟ 100 ሚሊግራሙን በ50 ሚሊሊትር አልኮል አሟሙተው 50 ሚሊሊትር ውሃ ይጨምሩበት፤ ይህ በሊትር 1,000 ሚሊግራም ይሆናል። ግማሽ ጠንካራ ቁርጥ በዚህ ውስጥ 5 ሰኮንድ ያህል ተነክሮ ወጥቶ ጥቂት ሲናፈስ ይተከላል። ለለጋ ቁርጥ አልኮሉ ራሱ ስለሚያቃጥለው ዱቄቱ ይሻላል። ጓንት ያድርጉ፣ የተረፈውን ፈሳሽ በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ ያኑሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አጥብቄ ላሰምርበት እወዳለሁ። በጤፍና በስንዴ ማሳ ላይ ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ለማጥፋት የሚረጨው ቱፎርዲ ራሱ የኦክሲን ወገን ነው። ገዳይ የሆነው ተክሉ ሊቆጣጠረው ከሚችለው በላይ ስለሚሰጠውና በቀላሉ ስለማይፈርስ ነው። ቱፎርዲ የተረጨበትን መርጫ ችግኝ ለማጠጣት ፈጽሞ አይጠቀሙበት፤ በታጠበ መርጫ ላይ የቀረ ጥቂት ቅሪት እንኳ ቅጠሉን አጣምሞ ሥሩን ያሳብጣል። ሆርሞን ባይኖርም ቁርጥ ራሱ ይችላልና ምትክ ፍለጋ ወደ አረም ማጥፊያ መሄድ አያስፈልግም።

ማርና እሬት መቀባትም የተለመደ ነው። ማር ጀርሞችን ስለሚያዳክም መበስበስን ሊቀንስ ይችላል፤ የሆርሞኑን ቦታ ግን አይተካም። በወንዝ ዳር የሚበቅለው አሃያ ቅርንጫፉ በቀላሉ ሥር ስለሚያወጣ፣ ለጋ ቅርንጫፉ ተቀጥቅጦ ያደረበትን ውሃ የሚጠቀሙ አሉ። መሞከሩ አይጎዳም፤ ከታወቀ መጠን ካለው ዱቄት ጋር እኩል ውጤት ግን አይጠበቅበት።

ከተተከለ በኋላ ያሉት ሳምንታት

ማቀፊያው ላይ በቀጭን እንጨት ቀዳዳ አብጅተው ቁርጡን ቢያንስ ሁለት አንጓ እስኪቀበር ይትከሉ፤ በቀጥታ ቢገፉት ዱቄቱ ይፋቃል። ውሃ አጠጥተው ብርሃን በሚያሳልፍ ነጭ ላስቲክ ይሸፍኑት፤ ላስቲኩ ቅጠሉን እንዳይነካ በሽቦ ወይም በቀጭን ዘንግ ይደግፉት።

ቦታው ቅጠሉ ብርሃን እያገኘ ቀጥታ የቀትር ፀሐይ የማይደርስበት ይሁን። በጎንደር ከፍታ ላይ ፀሐዩ ስለሚበረታ፣ ከቀኑ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በላስቲክ ውስጥ ያለ ቁርጥ በቀጥታ ከተመታ ይቀቀላል። ወደ ምሥራቅ የዞረ በረንዳ ወይም ከፀሐዩ ግማሹን የሚያስቀር የሣር ዳስ ጥሩ ነው። ጥላ ይሻላል ብሎ ጨለማ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ግን ሌላው የተለመደ ጥፋት ነው፤ ቅጠሉ ስኳር ካልሠራ ቁርጡ በግንዱ ያለውን ስንቅ ጨርሶ ይረግፋል። ቅጠል ከቅጠል እንዳይነባበር ቁርጦቹን ያራርቁ፤ የሩቅ ቀይ ብርሃኑ ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል።

ላስቲኩን በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ከፍተው ያናፍሱ። ማቀፊያው እርጥብ ይሁን እንጂ ሲጨመቅ ውሃ አይንጠፍጠፍ። የጥብስ ቅጠል ከ3 እስከ 6፣ ጽጌረዳ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ሊፈልግ ይችላል። በተቆረጠው ጫፍ ላይ ነጣ ያለ እብጠት ማየት ሥር መጣ ማለት አይደለም፤ ቁስሉ የሻረበት ምልክት ሲሆን፣ ያለ ሥር ለብዙ ጊዜ ሊቆይ ይችላል። አዲስ ቅጠል መውጣትም እርግጠኛ ማስረጃ አይሆንም፣ በግንዱ ባለ ስንቅ ሊወጣ ይችላልና። ቁርጡን በስሱ ሳብ ሲያደርጉት ከያዘ ያኔ ሥር አለ፤ በየሁለት ቀኑ እየነቀሉ ማየት ግን ጨለማ የለመደውን ለጋ ጫፍ ይሰብረዋል።

ቁርጦቹን ሁሉ በአንድ መንገድ አለመትከል ብልህነት ነው። ግማሹን ያለ ሆርሞን፣ ግማሹን በሆርሞን፤ ከእያንዳንዱም ጥቂቱን በተጠቀለለና ባልተጠቀለለ ዕቃ ተክለው በእንጨት ምልክት ላይ ቀኑን ይጻፉ። በቀጣዩ ዓመት ዱቄት መግዛት ይገባዎት ወይም አይገባዎት የሚነግርዎ ይህ ይሆናል።

ሥር ካወጣ በኋላ

ሥሩ መያዙን ሲያረጋግጡ ላስቲኩን በአንድ ጊዜ አይግፈፉ፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ቀዳዳውን እያሰፉ ቅጠሉ ደረቁን አየር እንዲለምድ ያድርጉ። ከዚህ ወዲህ ሆርሞን አይደገምም። ዩሪያም ለጊዜው ይቆይ፤ ዩሪያ በአፈር ውስጥ የሚለወጥበት ናይትሬት ሲበዛ ሥሩ ሳይቶካይኒን ወደ ላይ ይልካል፣ እድገቱም ወደ ቅጠል ያደላል። በሁለት ውሃ መካከል የማቀፊያው የላይኛው ጣት ያህል ሲደርቅ ማጠጣት፣ አብሲሲክ አሲድ ሥሩን ወደ ታች እንዲመራ ዕድል ይሰጠዋል።

በመጨረሻ ወደ መሬት ሲዛወር ችግኙ በላስቲኩ ውስጥ የተጠቀለለ ሥር እንዳለው ይፈትሹ። ሥሩ ዙሪያውን እየዞረ ከሆነ በምላጭ በሁለት ሦስት ቦታ ከላይ ወደ ታች ስስ አድርገው ይሰንጥቁት፤ ጫፉ ሲቆረጥ ከላይ የሚወርደው ኦክሲን ከኋላው የጎን ሥሮችን ያስወጣል። መሬቱ ዋልካ ከሆነ ጉድጓዱን ከዙሪያው ከፍ ባለ መደብ ላይ ይቆፍሩ፣ በክረምት ውሃው የሚወርድበት ቦይም ያብጁለት። ቀይ አፈር ከሆነ መደቡ አያስፈልግም፤ ኮምፖስት መቀላቀል ይበቃል። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ሲበርድ ተክለው አጠጥተው፣ የግንዱን ዙሪያ በደረቅ ሣር ሲሸፍኑ ሣሩ ግንዱን እንዳይነካ የአራት ጣት ያህል ክፍተት ይተዉ።